አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር

ሰኞ ጠዋት፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ አሰላ ከተማ ባለው የምርጥ ዘር ጽሕፈት ቤት የኮምፒዩተሩ ክዳን ተከፈተና አንድ ነገር ጎድሎ ተገኘ። የጎደለችው ስንዝር ተኩል የምትሆን አረንጓዴ ካርድ ናት። ጽሑፉንና ቁጥሩን ወደ ስክሪኑ የምትልከው እሷ ስለሆነች ያለ እሷ ስክሪኑ ጥቁር መስታወት ነው፤ አለቀ።

ዘመኑ 1980 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በአርሲ ምድር ኮምፒዩተር በዓይኑ ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ «አሻጥር» የምትለዋን ቃል ግን ያልሰማ አልነበረም። ካርዷ አለመኖሯ በታወቀ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቃሏ ተነገረች፤ ከአፍ የወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። ስልክ ተደወለ። የፖሊስ መርማሪው መቶ አለቃ ከሊፋም ከጭላሎ በሚወርደው ብርድ ካፖርቱን እየቆለፈ መጣ።

ከሊፋ ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀስ ብሎ የሚቆጣ፣ ከተቆጣም ቶሎ የሚረሳ ሰው ነው። ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቀው አንዳች ነገር አልነበረም፤ አለማወቁን ግን አያፍርበትም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ወልደ ጊዮርጊስ ነገሩን ቁጭ ብሎ ለማስረዳት እንኳ ትዕግሥት አጣ። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ሥራውን ሊያዩ ከበው በቆሙበት፣ የኮምፒዩተሩ ሠራተኛ ዙቤዳ ማሽኑን አስነሳች። ማሽኑ ጮኸ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። የሲሬው፣ የጎበሳው፣ የአቦምሳው ገበሬ የዘር ድልድል ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ኃላፊውም ላብ በላብ ሆነ።

«ይሄ ሁሉ ይሁን፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ ጣቱን ቀስሮ። «ክዳኑ ሳይከፈት ካርዱ የለም አለች። በካቻቢቴ ስንከፍተው እውነትም የለም። ያልሰረቀ ሰው በተዘጋ ሆድ ውስጥ ያለውን በምን ያውቃል?»

ኃላፊው የልጅቷ ወንድም ከአገር ኮብልሎ ጅዳ መግባቱንም ጨመረለት። ከሁሉም የከፋው ግን ለበላይ አካል ቀድሞ መደወሉ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ከአዲስ አበባ መኪና ይመጣል፣ እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ ዙቤዳን ጭኖ ይሄዳል። በዚያ መኪና የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግር አልነበረም። ዙቤዳ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ባሏ ሰሜን ጦር ግንባር ነው፣ እሷ የሰባት ወር ሴት ልጅ ታጠባለች።

ዙቤዳ ጣቢያ ከገባች አንድ ሰዓት ሳይሞላ እናቷ ወይዘሮ ጠይባ ሕፃኗን አዝለው በሩ ላይ ደረሱ። አላለቀሱም፣ አልለመኑምም። «ልጅቷ ራባት። ራብ ደግሞ መዝገብ አያውቅም» አሉት ከሊፋን።

ከሊፋ ቢሮውን ለቀቀላቸው። እሱ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመና በዚያው መጠየቅ ጀመረ። ያ ጣቢያ ስንት ዓይነት ምርመራ አይቷል፤ በጀርባ የተደረገ ግን ይኸው የመጀመሪያው ነበር።

ካርዱ አለመኖሩን በምን እንዳወቀች ጠየቃት። ዙቤዳ እያጠባች፣ ድምፅዋን ለሕፃኗ ብላ ዝቅ አድርጋ አስረዳችው። ማሽኑ ሲነሳ በመጀመሪያ ራሱን ይመረምራል፤ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ አንድ አጭር ድምፅ ያሰማና ሥራውን ይጀምራል።

«አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ከጮኸ ግን» አለች፣ «የምስሉን ካርድ አጣሁት ማለቱ ነው። ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ፣ መቶ አለቃ። እኔ ሰማሁት እንጂ አልሰረቅኩትም።»

ከሊፋ ልቡ ወደ እሷ አዘነበለ፤ ልብ ግን ማስረጃ አይደለም። ከእሷ ሌላ ስለ ማሽኑ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቃት።

«የለም። እኔ ብቻ ነኝ» አለች፣ ጥያቄው እንኳ ሳያልቅ።

ሃያ ዓመት በፖሊስነት የኖረ ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ ታሳሪ ራሱን የሚጎዳ መልስ እንዲህ ፈጥኖ ከሰጠ ከጀርባው የሚከልለው ሌላ ሰው አለ። ከሊፋ ይህን በልቡ ያዘና አልተጫናትም። ሕፃኗ ገና እየጠባች ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ስንቅ መጣላት። ያመጡት የጽሕፈት ቤቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋሽ ገብረ መድህን ናቸው፣ ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ። እሳቸው ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም ስለሆነች ከቤታቸው ሥጋ ወጥ ቢያመጡ እንደማትበላው ያውቃሉ፤ ስለዚህ መስጊዱ አጠገብ ካለው ምግብ ቤት አስጠቅልለው ነው የመጡት። ምግቡን ለተረኛው ፖሊስ ሰጡና ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ተመለሱ። ጣቢያ የማያስፈራው ሰው ስለሌለ ከሊፋ ነገሬ አላለውም።

ማክሰኞ ጠዋት ከሊፋ የግቢውን ዘበኛ ቱፋን አነጋገረ። ሁለቱም ኦሮምኛውም አማርኛውም የአፍ መፍቻቸው ስለሆነ ወሬያቸው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ሄደ። ቱፋ እንዳለው፣ ዙቤዳ ዘመድ ሞቶባት ዓርብ ጠዋት ወደ ጎበሳ ሄደች፣ የተመለሰችውም እሑድ ማታ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሰው ወደ ግቢው አልገባም።

«ሰው አልገባም። ማሽኑ ግን ቅዳሜ ጮኸ» አለ ቱፋ።

ከሊፋ ደብተሩን አስቀመጠ። ቅዳሜ ቀን መብራት ሄዶ ነበር፣ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው፤ የማሽኑ ድምፅ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው አለው ቱፋ። እንዴት እንደጮኸ ሲጠየቅ ከንፈሩን አሞጠሞጠና አፏጨው፦ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። አባቱ ከብት ይጠሩበት የነበረውን ፉጨት ስለመሰለው አልረሳውም።

ዙቤዳ በዚያ ሰዓት ጎበሳ ለቅሶ ቤት ነበረች። ከሊፋ ጎበሳ ደውሎ አጣራ፤ አርባ ሰው አይቷታል፣ ውሃም ስታድል ውላለች። እንግዲህ ካርዷ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥታ ከነበረ ያወጣት ሌላ ሰው ነው። ከሊፋ ደስ ብሎት ይህን ለጓድ ወልደ ጊዮርጊስ ሊነግር ሄደ፤ ኃላፊው ግን ጥቂት አሰበና ግብረ አበር አላት ማለት ነው አለ። ካርዱን ያስወጣችው አስተምራ ነው፣ ወደ ለቅሶ የሄደችውም እንዳትጠረጠር ነው። እኔን ይግረመኝ፤ አንድ ጊዜ የጠረጠረ ሰው መልካሙንም ክፉውንም ለጥርጣሬው ያበላዋል።

ከሊፋ ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ክዳኑን አንሥቶ በባትሪ ሲያይ ካርዷ ከተነቀለችበት ሥር ቀይ ፍርፋሪ ወድቆ አገኘ፤ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ የሚበልጥ፣ ለስላሳ። ምን እንደሆነ አላወቀም። በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

እንደተነገረው የክፍሉ ቁልፍ ያለው ኃላፊው ጋና ጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ትርፌ ጋ ነው። ትርፌ ስትጠራ ነጠላዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጨምቃ መጣች፣ ቁልፉንም ስትሰጠው አንድ እጇን አላነሣችም። ከሊፋ ዓይኑን ነጠላው ላይ ጣለ።

«ያቀፍሽውን አሳይኝ፣ እህቴ» አላት።

ትርፌ ማልቀስ ጀመረች። ከነጠላዋ ሥር ያወጣችው ካርድ ሳይሆን ነጭ ዳንቴል ነበር። ሰው ሳሎኑ ያለውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዳንቴል እንደሚያለብስ፣ እሷም ዙቤዳ የወለደች ጊዜ ለዙቤዳ ስክሪን ብላ በኪሮሽ የሠራችው ስጦታ ነው። ሁልጊዜ ሳምንቱ ሲያልቅ ታለብሰዋለች፣ ሰኞ ጠዋት ታወልቅለታለች። እየተንሸራተተ ስላስቸገራት ሐሙስ ዕለት ማሰሪያ ክር ቀጠለችለት። ሰኞ ጩኸቱ ሲነሳ የመንግሥት ንብረት አፈነች እንዳይሏት ብላ ደበቀችው።

ከሊፋ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አለ ለራሱ፣ ዳንቴሉንም መልሶ ሰጣት። ሁለት ቀን ሊያልቅ ነው፣ በእጁ ያለው ቀይ ፍርፋሪ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዙቤዳ ልጇን ስታጠባ ከሊፋ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። ሐሙስ መኪናው እንደሚመጣ የሰማች ይመስለዋል፤ ልጅቷ ጠብታ ከተኛችም በኋላ ከደረቷ አላወረደቻትም። ከሊፋ በሩን ቀስ ብሎ መለሰና ወደ ጸሐፊው ክፍል ሄደ። የጣቢያው ጸሐፊ የዘር ጽሕፈት ቤቱን ግቢ በእርሳስ እየነደፈ ነበር። የተሳሳተ መስመር በላጲስ አጠፋና ወረቀቱን እፍ ሲለው ፍርፋሪው ጠረጴዛው ላይ ተበተነ፤ ቀይ፣ ለስላሳ፣ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ የሚበልጥ።

ከሊፋ ኪሱ ያለውን ወረቀት አውጥቶ ከጎኑ ዘረጋው። አንድ ነው። ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ግን ምን የሚጠፋ ጽሑፍ አለ? ቁጭ ብሎ ሲያሰላስል ከሦስት ዓመት በፊት የሆነ ነገር ትዝ አለው። ሬዲዮው አልሠራ ብሎት አንድ ባለሙያ ጋ ወስዶት ነበር። ባለሙያው የሬዲዮውን የናስ ጥርሶች በልጆች ላጲስ ፈተጉና «ዝገቱን ይበላዋል» አሉት። እኚያ ባለሙያ ጋሽ ገብረ መድህን ነበሩ።

ረቡዕ ጠዋት ከሊፋ ያንኑ ሬዲዮ በብብቱ ይዞ ከገበያው በላይ ወዳለው የጋሽ ገብረ መድህን ቤት ሄደ። ሰውዬው በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሬዲዮው ድምፅ እምቢ አለኝ አላቸው። ተቀበሉት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፣ ካቻቢቴያቸውን አንሥተው የኋላ ክዳኑን መፍታት ጀመሩ። ከሊፋ ክፍሉን ቃኘ። በሩ ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ የቆርቆሮ ኩባያና ዳዊት በአንድ ላይ ታስረው ተቀምጠዋል።

የሽማግሌው እጅ ሁለተኛው ብሎን ላይ ቆመ።

«ለዚህ አልመጡም፣ መቶ አለቃ።»

«አልመጣሁም፣ ጋሽ ገብረ መድህን። ያ ብርድ ልብስ ለምንድን ነው?»

«ለእስር ቤት። ነገ መኪናው ሳይደርስ ልገባ ነበር።»

ከአልጋቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ሳቡ። ካርዷ በጥጥ ተጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ ተኝታለች። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ዘረገፉት። ቅዳሜ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑን እንዳያቃጥል ሰጉና ለመብራት ሥራ በተሰጣቸው ትርፍ ቁልፍ ገብተው አስነሡት። አንድ አጭር ጮኸ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ሰኞ እንግዶች ይመጣሉ፣ የምትጠየቀው ዙቤዳ ናት። ዙቤዳ ደግሞ በየምሳ ሰዓቱ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ በአማርኛ እየነገረች ታስተምራቸው ነበር፤ ስክሪኑ ከጨለመ ካርዱን ንቀሉ፣ የናስ ጥርሱን በላጲስ ፈትጉ፣ መልሳችሁ አጥብቃችሁ ክተቱ ይላል። እንዳለችው አደረጉ፤ ጨለማው አልተገፈፈም። ነቅለው ያለ ካርዷ ሲያስነሡት አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ጮኸ። እንግዲያው የተቃጠለ ቢኖር በማጉያ መስታወት ልየው ብለው ካርዷን ወደ ቤት ወሰዷት፣ ዳንቴሉንም እንዳገኙት መልሰው አለበሱት። ሰኞ ማልደው ሊመልሷት ደረታቸው ውስጥ ይዘዋት በሩ ላይ ሲደርሱ እንግዶቹ ቀድመው ገብተዋል፣ ኃላፊው አሻጥር እያለ ይጮሃል።

«በሰባ ዓመተ ምሕረት ለአንድ ሰው ሬዲዮ ጠግኜ ስምንት ወር ታሰርኩ» አሉ። «ምን እንደሚሰማበት እኔ በምን አውቄ። ያ ጊዜ ጉልበቴን ይዞብኝ ቀረ፣ መቶ አለቃ። ሰኞ እናገራለሁ አልኩ፣ ማክሰኞ አልኩ። ከዚያ እሷ ስሜን እንዳልጠራች ገባኝ። በዓለም ላይ እንደ እኔ ያፈረ ሰው የለም።»

ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። ከሊፋ እስኪጨርሱ ጠበቀ፣ እጁንም ትከሻቸው ላይ አሳረፈ። ሬዲዮውን እዚያው ተወው።

ወደ ጣቢያ ሲመለስ በዘር ጽሕፈት ቤቱ ግቢ በር ላይ ቱፋን፣ ቅዳሜ ጋሽ ገብረ መድህን ገብተው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ቱፋ ገብተዋል አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። ለምን አልነገርከኝም ሲለው ተገረመ። ሰው ገባ ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ እሳቸው ደግሞ የቤት ሰው ናቸው፤ የቤት ሰው መቼ ይገባል፣ ሁልጊዜ እዚሁ ነው አለ።

ረቡዕ ከሰዓት ከሊፋ ሁሉንም ኮምፒዩተሩ ክፍል ሰበሰበ። ዙቤዳን ከጣቢያ ራሱ ይዟት መጣ፣ ወይዘሮ ጠይባም ሕፃኗን ይዘው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዙቤዳ ካርዷን ከጋሽ ገብረ መድህን እጅ ስትቀበል ጣታቸውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ካርዷን ከተተች፣ ብሎኗን አሠረች፣ ማሽኑን አስነሣች።

አንድ አጭር። በሩ ላይ የቆመው ቱፋ ራሱን ነቀነቀ፤ ይሄ ደህናው ነው። ስክሪኑ ግን እንደ ድሮው ጥቁር ነበር።

«ተቃጥሏላ!» አለ ጓድ ወልደ ጊዮርጊስ። «አላልኩም? ይኸው አሻጥር።» ጋሽ ገብረ መድህን ግድግዳው ላይ ተደገፉ።

ከሊፋም ልቡ ወረደ። ግን አለማወቁን የማያፍር ሰው ነውና፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብሎ፣ መጽሐፉ ስክሪን ሲጨልም የሚለውን ከመጀመሪያው አንድም ሳታስቀር እንድትነግረው ዙቤዳን ለመናት። አንደኛ፣ ሶኬቱ መሰካቱን ማየት ነው አለች። ሁለተኛ፣ ከስክሪኑ ጎን ያለው የብርሃን ማዞሪያ መከፈቱን። ሦስተኛ ገመዱን ማጥበቅ፣ አራተኛ ካርዱን ማየት።

«እኔን ያስተማርሽኝ ከሦስተኛው ጀምረሽ ነው» አሉ ጋሽ ገብረ መድህን ቀስ ብለው።

ዙቤዳ ፊቷ ቀላ። «አፍሬ ነው፣ ጋሼ። ሠላሳ ዓመት በኤሌክትሪክ የሠሩ ሰው ሶኬቱን ይዩ፣ ማዞሪያውን ይዩ ብል መናቅ መሰለኝ። ዘለልኩት።»

እንዳለች ጎንበስ ብላ ማዞሪያውን አየችው። እስከ መጨረሻው ተዘግቷል። እሷ ዘግታው እንደማታውቅ ማለች። ያን ጊዜ ከሊፋ ዞር ብሎ ትርፌን ፈለጋት፣ ስክሪኑን አስጠፍቶ ማዞሪያውን ከፍ አደረገና ዳንቴሉን ዓርብ እንዳለበሰችው አድርጋ እንድታለብሰው ጠየቃት። ትርፌ ነጩን ዳንቴል ስክሪኑ ላይ ጣል አደረገች። የአዲሱን ክር ቀለበት ትንሿ ማዞሪያ ላይ ጠምጥማ አስገባች፣ ክሩንም እንዳይንሸራተት በጀርባ በኩል ሳብ አድርጋ አሠረችው። ክሩ ሲሳብ ማዞሪያዋ አብራ ዞረች። ሁሉም አየ።

ትርፌ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዙቤዳ ዳንቴሉን በጥንቃቄ አነሣችና ማዞሪያውን በሁለት ጣቷ መልሳ ስክሪኑን አበራችው፤ ከጨለማው ውስጥ አረንጓዴዎቹ ፊደላት አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ሕፃኗ አያቷ ጭን ላይ ሆና ወደ ብርሃኑ እጇን ዘረጋች።

«ታዲያ ማን ነው የሚጠየቀው?» አለ ኃላፊው፣ ድምፁ ግን ቀዝቅዟል። ደውሏል፣ አሻጥር ብሏል፣ ነገ መኪና ይመጣል። የፈራው ለራሱም ነበር።

ከሊፋ ከጋሽ ገብረ መድህን የሥራ መዝገብ ያወጣውን ደብዳቤ ዘረጋለት። የመሥሪያ ቤቱን ማናቸውንም የኤሌክትሪክ ዕቃ መርምሮ መጠገን ይላል ሥራቸው፤ ከሥሩ የጓድ ወልደ ጊዮርጊስ ፊርማ አለ።

«ካርዷ አልተሰረቀችም፣ በጥገና ላይ ነበረች» አለ ከሊፋ። «ጥፋታቸው አለመናገራቸው ነው። እሱን ጽፌዋለሁ፤ እርስዎም ይምከሯቸው። ፈጥነው የደወሉት ለንብረቱ ተቆርቁረው መሆኑንም ጽፌያለሁ።»

ኃላፊው የራሱን ፊርማ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ቢሮው ሄዶ ስልኩን አነሣ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉም ሰማው፤ ማሽኑ ደህና ነው፣ ዕቃው ጥገና ላይ ነበር፣ መኪናው አያስፈልግም ይላል። ወይዘሮ ጠይባ ሦስት ቀን የያዙትን እንባ ያን ጊዜ ለቀቁት።

ጋሽ ገብረ መድህን ወደ ዙቤዳ ቀረብ አሉ።

«ስሜን ለምን አልጠራሽም፣ ልጄ?»

«አንዴ ታስረዋል፣ ጋሼ» አለች። «ሁለቴ ይበዛል።»

በሳምንቱ ከሊፋ ሬዲዮውን ሊወስድ ሄደ። ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ ተነጥፏል፤ ከጠረጴዛው በላይ በዙቤዳ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፣ ከአንደኛው ይጀምራል። ጋሽ ገብረ መድህን ሬዲዮውን እያፈሩ አስረከቡት። ሦስት ቀን ፈትተው ገጥመውታል፣ ኋላ ወረቀቱን ሲያዩ ነው የነቁት።

«ምንም አልነበረበትም፣ መቶ አለቃ። ድምፁ ተቀንሶ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ከሊፋ፣ ሬዲዮውን በብብቱ እየያዘ። «የቀነስኩት እኔ ነኝ።»